ገረባ፣ ፈርስ እና የእትዬ ጋን

ጠርሙሶቹ ዘጠኝ ነበሩ። ሐሳባችን ከጫት ገረባ የሚነድ ጋዝ፣ ማለትም ሚቴን፣ ማውጣት ነው። ሦስቱ ከታረደ ከብት ሆድ የወጣ ፈርስ ብቻ፣ ሦስቱ ፈርስና ጥሬ የጫት ገረባ፣ ሦስቱ ደግሞ ፈርስና እኛ የተጠበብንበት ገረባ። ሁሉም በአንድ የሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ፣ 37 ዲግሪ ላይ ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ የግሉኮስ ቱቦ ይወጣና ውሃ የተሞላ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ጋዝ ከመጣ ውሃውን ይገፋዋል። የኛ ሥራ ማንበብ ብቻ ነው።

የምንሠራው አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ፈርሱን ከቄራ በጄሪካን አመጣሁት። ታክሲ ውስጥ የወረደብኝን ስድብ ሌላ ቀን አወራችኋለሁ። ገረባውን የሰፈር ጫት ቤቶች በነፃ ሰጡን፤ እንዲያውም ቆሻሻ ስላነሳንላቸው አመሰገኑን።

ገረባ ግን እንጨት ነው። የከብት ሆድ ባክቴሪያ እንኳ ቶሎ አይጨርሰውም። ባክቴሪያዎቹ የሚበሉትን ክፍል፣ ሴሉሎሱን፣ ሊግኒን የሚባል ነገር ጠፍሮ ይዞታል። ዶክተሩ፣ ማለትም አለቃችን፣ «በአዮኒክ ሊኩይድ እናላላው» አሉ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ጨው ነው። የገበታ ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ይፈልጋል። እነዚህ ግን ከ100 ዲግሪ በታች ይቀልጣሉ። ፖል ዋልደን በ1914 የገለጸው ደግሞ 12 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ነበር። የኛው ቡቲል ሜቲል ኢሚዳዞሊየም ክሎራይድ ይባላል። ሴሉሎስን እንደ ስኳር እንደሚያሟሟ በ2002 ታትሞ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ አብዶለታል።

ትልቁ ውዳሴው እንደ ቤንዚን ወይም እንደ አሴቶን አለመትነኑ ነው። አይሸትም፣ ራስ አያዞርም። ለዚህ ነው «አረንጓዴ» የሚል ቅጽል የወጣለት። ፕሮፖዛላችን ላይ ይህቺ ቃል ስንት ጊዜ እንደገባች ቆጥሬ ትቻለሁ።

ገረባውን ፈጭተን 110 ዲግሪ ላይ አበሰልነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በውሃ አይሆንም፤ ድስቱን ዘይት ውስጥ ነከርነው። ኮሪደሩ በሙሉ ድንች ጥብስ ሸተተ። ከዚያ ውሃ ስንጨምርበት ሴሉሎሱ ተመልሶ ረጋ። ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ ገንፎ የመሰለ ነገር። አጣራነው፣ አንድ ጊዜ አለቀለቅነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምክንያቱም የዚያን ቀን ውሃ ፈረቃችን አልነበረም፤ የቀረን የተጣራ ውሃ አንድ ጄሪካን እንኳ አይሞላም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ይህን ገረባ የያዙት ሦስት ጠርሙሶች ትንሽ አረፋ አወጡ። ደስ አለን። ፎቶ ሁሉ አነሳሁ። በሦስተኛው ቀን ዝም አሉ።

«መብራት ጠፍቶ ይሆናል» አሉ ዶክተሩ። በርግጥ ሌሊት ጠፍቶ ነበር። ግን ዘጠኙም አንድ ገንዳ ውስጥ ናቸው፤ መብራት መርጦ አይጠፋም። ይህን ለማሰብ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሳምንቱን በሙሉ ቱቦ ሳጠባብቅ፣ ክዳን በሲሊኮን ስለጥፍ ነው የከረምኩት።

መልሱ ግን ሠንጠረዡ ላይ፣ ፊት ለፊቴ ነበር። ፈርስ ብቻ የያዙት ጠርሙሶች፣ ከራሱ ከፈርሱ በተረፈ ምግብ፣ ትንሽ ትንሽ ጋዝ ይሰጣሉ። የኛዎቹ ከነዚያም አንሰዋል። ገረባው አልፈርስ ብሎ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ከባዶው፣ ማለትም ፈርስ ብቻ ከያዘው፣ እኩል በሆኑ ነበር። ከባዶው ካነሱ አንድ ነገር እየገደለ ነው ማለት ነው።

ነገሩን መጀመሪያ የተናገሩት ግን እትዬ ናቸው። ዕቃ የሚያጥቡልን እሳቸው ናቸው፤ ቤታቸው ደግሞ ጠላ ይጠምቃሉ። አንዱን ጠርሙስ ከፍተው ሲያሸቱ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ኮምጣጤ ሆኗል እኮ። ስንቴ ነው ያለቀለቃችሁት?»

«አንዴ» አልኳቸው።

«ጋን በኦሞ አጥበህ አንዴ ብታለቀልቀው ጥንስሱ ይፈላልሃል? በግራዋ ነው የሚታጠብ፣ እሱም በደንብ ተለቅልቆ።»

እኔ ምን እላለሁ። ፒኤቹን ለካሁት፤ እሱ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። ከ7 ተነስቶ ከ6 በታች ወርዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዝ የሚሠራው አንድ ዓይነት ረቂቅ ተሕዋስ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ምግቡን ሰባብረው አሲድ ያደርጉታል። ሚቴን የሚሠሩት በኋላ ይመጡና አሲዱን ይበላሉ። እነዚህ የኋለኞቹ ቅምጥል ናቸው፤ ትንሽ ነገር ያስቀይማቸዋል። እነሱ ሲያኮርፉ አሲዱ ይከማቻል፣ ኮምጣጤ ይሸታል። ያቺ ፎቶ ያነሳኋት የመጀመሪያ ቀን አረፋም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳትሆን አትቀርም። ክብሪት ብጭርባት አጠፋችው እንጂ አልተቀጣጠለችም።

ያስኮረፋቸው ደግሞ የኛው «አረንጓዴ» ነው። የኢሚዳዞሊየሙ ሞለኪውል ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ራስና የካርቦን ጅራት አለው። ሆስፒታል ውስጥ ለማጽጃ ከሚውለው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ጋር ቁመናቸው ይመሳሰላል። ጅራቱ የባክቴሪያውን ሽፋን ሰርስሮ ይገባል። ጅራቱ በረዘመ ቁጥር መርዝነቱ ይብሳል። የኛው ባለአራት ካርቦን ስለሆነ ከለዘብተኞቹ ነው፤ ግን ገንፎው እንደ ስፖንጅ ይዞት ስለቀረ ብዛቱ ጎዳን። ያ የማይተን፣ የማይሸት ጠባዩ ለኛ ሳንባ በጎ ነው። ወደ አየር የማይሄድ ነገር ግን ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ የሚኖሩት እዚያው ነው።

እንደገና ጀመርን። አሁን ከየልቅለቃው በኋላ ከውሃው ትንሽ ወስጄ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አደርግበታለሁ። ክሎራይድ ካለ ወተት ይመስላል። አንደኛው ልቅለቃ እርጎ ሆነ። ሦስተኛው አሬራ። ሰባተኛው ላይ ጠራ። የኔም ጣቶች በሲልቨሩ ጠቁረው ቤት ውስጥ ተጠየቅሁ። የታጠበው ገረባ ግን ጋዝ ሰጠ፤ ከጥሬው ቀድሞ፣ ከጥሬውም በልጦ። ዶክተሩ ደስታቸውን የገለጹት ቡና በመጋበዝ ነው፤ ከሳቸው ይህ ብዙ ነው።

ቡናውን ስንጠጣ እትዬ ባልዲዎቹን እያዩ፣ «ሰባት ጊዜ ያጠባችሁበትስ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ።

ማንም አልመለሰም። የመጀመሪያውን ዙር እኔ ራሴ ሲንክ ውስጥ ደፍቼዋለሁ። ሲንኩ የሚወርደው ጊቢው ውስጥ ያለው ሴፕቲክ ታንክ ነው። እዚያም ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ማንም በሲሊንደር አይለካላቸውም እንጂ።

ዶክተሩ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልክ ብለዋል እትዬ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

አሁን የእጣቢው ውሃ አይደፋም። ምድጃ ላይ እናተነዋለን። ውሃው ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል፤ ያስቸገረን ጠባይ እዚህ ላይ ጠቀመን። ከሊግኒኑ የተነሳ ቡና መስሎ ይወጣል፣ ግን ለሚቀጥለው ድስት ይሆናል። ዋጋውን የሚያውቅ ሰው አንድ ጠብታ አይጥልም። ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ ከኮሊን የሚሠራውን ዓይነት እንሞክራለን። ኮሊን እንቁላል አስኳል ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ ባክቴሪያዎቹ ብዙ አይጠሉትም። እሱም ቢሆን ግን መጀመሪያ ከፈርስ ጋር ብቻውን ጠርሙስ ይገባል፤ ገረባ የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ኮሪደሩ ላይ አሥራ አንድ ባልዲ ተራ ይጠብቃል። በእያንዳንዱ ላይ እትዬ በማርከር «እንዳትደፉ» ብለው ጽፈዋል። አንዱ ላይ ብቻ ስሜን ጨምረውበታል።