ብርድ ልብሱ

ዛሬ ሚላን ውስጥ ከአምልኮ ስንወጣ አንዲት ሰማንያ ያለፋቸው ጣሊያናዊት እናት ውሻቸውን ይዘው በራችን ላይ ቆመዋል። የምንሰበሰበው ጋራዥና መጋዘን መሃል በተከራየናት አዳራሽ ነው። ጩኸታችን ረብሿቸው መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ጠጋ አልኩ።

«የምን ይቅርታ! አባቴም ፔንቴኮስታሌ ነበር» አሉኝ። ጆሮዬ ላይ «ጴንጤ» ሆኖ ገባ።

የሙሶሊኒ መንግሥት የጴንጤዎችን አምልኮ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ለዘራችን ጤና አይበጅም ብሎ። (በዚያው ዓመት እኛም ላይ ዘመተ፤ ሰውዬው እረፍት አያውቅም።) እሱ ከሞተ በኋላም እገዳው እስከ 1955 አልተነሳም።

አባታቸው መዝሙር የሚጀምሩት መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው ነበር። «ልጅ ሆኜ ያለ ብርድ ልብስ የሚዘመር አይመስለኝም ነበር» ብለው ሳቁ። እኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። በደርግ ጊዜ እነሱም ቤት ዘግተው በሹክሹክታ ነበር የሚዘምሩት።

እ.ኤ.አ. በ2014 ፖፕ ፍራንሲስ ካዜርታ ከተማ ድረስ ሄደው፣ በዚያ ስደት እጃቸው ስላለበት ካቶሊኮች ጴንጤዎቹን ይቅርታ ጠይቀዋል። ይህን ሳነሳባቸው እማማ እጃቸውን አወናጨፉ። ሌላ ጉዳይ ነበራቸው።

«እሁድ መስኮቱን ክፈቱት እንጂ፤ ፎቅ ላይ ሆኜ በደንብ አይሰማኝም።»