ገድያለሁ ብሎም አልተከሰሰም

ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ ጉዳይ አለ። ጁሊ ሆግ እንግሊዝ፣ ቢሊንግሃም ውስጥ በ1989 እ.ኤ.አ. ጠፋች። ፖሊስ ቤቷን ፈትሾ ምንም የለም ብሎ ሄደ፤ ከወራት በኋላ አስከሬኗን ከመታጠቢያ ገንዳው ጀርባ ያገኘችው የገዛ እናቷ አን ሚንግ ናት። (ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።) ቢሊ ደንሎፕ የተባለ ሰው በግድያዋ ተከሰሰ። ሁለት ጊዜ የተሰየመው ጁሪ (ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስኑ ተራ ዜጎች) መስማማት ስላቃተው በ1991 በነፃ ተሰናበተ። በ1999 በሌላ ወንጀል ታስሮ ሳለ ግን እኔ ነኝ የገደልኳት ብሎ አመነ።

ታዲያ ምን ሆነ? በግድያው ምንም! ሰው በአንድ ወንጀል ሁለቴ አይከሰስም የሚለው የቆየ ሕግ ከለለው፤ የተፈረደበት በችሎት በመዋሸቱ ብቻ ነው፣ 6 ዓመት። እኔ ሕጉን አልጠላውም፤ እሱ ባይኖር መንግሥት ያልወደደውን ሰው እስኪያስፈርድበት ድረስ ደጋግሞ ችሎት ያቆመው ነበር። ግን ይህን ለዚያች እናት ማን ደፍሮ ይነግራታል?

እሷም አርፋ አልተቀመጠችም፣ ፖለቲከኞቹን እየዞረች ወተወተች። በ2003 የወጣው ሕግ አዲስና አሳማኝ ማስረጃ በተገኘባቸው ከባድ ወንጀሎች ዳግም ለመክሰስ በር ከፈተ፣ በ2005 ሥራ ላይ ዋለ። ደንሎፕ በ2006 ጥፋቱን አምኖ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።