ንቦቼ ጥለውኝ ከሄዱ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ንቦቼ የኮበለሉት በራሴው ጣጣ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ጓሮዬ ውስጥ፣ ከግራዋው ሥር አንድ የሽግግር ቀፎ ነበረኝ። አዲስ ስለሆንኩ ዓይኔ አላስችል አለኝ። በየሳምንቱ እከፍታለሁ። የማር እንጀራው የት ደረሰ? እጭ አለ? አውራዋስ? (አውራ እንላታለን እንጂ ሴት ናት።) አንድ ጠዋት ብሄድ ቀፎው ጭር ብሏል። ባዶ እንጀራና የጉንዳን ሰልፍ ብቻ።

ጎረቤቴ ገጠር ያደጉ አዛውንት ናቸው። ሲሰሙ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ድስቱን በየደቂቃው እየከፈትክ ወጡ መቼ ይበስላል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአገራችን ንብ የፈረንጁን ያህል ትዕግሥት የላትም። ከነካካኋት ወይም ከራባት ቤቷን ትታ ትሄዳለች።

ሁለተኛውን ቀፎ ራሴ ሠራሁት። የሽግግር ቀፎ ታቹ ጠበብ፣ ላዩ ሰፋ ያለ ሣጥን ነው። አናቱ ላይ ጠፍጣፋ እንጨቶች ገጥመው ይደረደራሉ፤ ንቦቹ እንጀራቸውን ከእነሱ ላይ ቁልቁል ያንጠለጥላሉ። ፍሬም የለ፣ ማሽን የለ። ቀልድ የማያውቀው የእንጨቶቹ ስፋት ነው፤ ለእኛ ንብ 32 ሚሊ ሜትር። በመጀመሪያው ቀፎ «ትንሽ ቢሰፋ ምን አለበት» ብዬ 4 ሴንቲ ሜትር አስቆርጬ ነበር። እንጀራውን አጣመው ሦስቱን እንጨት አንድ ላይ ሰፉት። አንዱን ሳነሳ ከጎኑ ያለው እንጀራ ተገነጠለ፤ ማሩ ከነእጩ ጫማዬ ላይ ወረደ። ያን ቀን የተነደፍኩትን አልቆጠርኩም። አሁን በየእንጨቱ ሆድ መሃል ለመሃል ቀጭን የሰም መስመር አፈስሳለሁ፤ እሱን ተከትለው ቀጥ አድርገው ይሠራሉ።

ንብ አልገዛሁም። መስከረም ላይ አደይ ሲፈነዳ መንጋ ይወጣል፤ ከቀፎው ተከፍሎ አዲስ ቤት ፍለጋ ማለት ነው። ቀፎውን በወይራ አጠንኩት፣ ውስጡን በጠጅ ሳርና በሰም አሸሁት፣ ዛፍ ላይ ሰቀልኩት። ጥቅምት ሳይገባ መንጋ ገባበት። ማታ አውርጄ ቦታው አስቀመጥኩት። በሩን ወደ አጥሩ አዞርኩት፤ ንቦቹ ከፍ ብለው ስለሚበሩ መንገደኛ አይነኩም። የመቆሚያውን እግሮች ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኳቸው፤ ለጉንዳኑ።

ከዚያ እጄን ሰበሰብኩ። ጠዋት ቡናዬን ይዤ በሩ አጠገብ፣ ከጎን እቀመጣለሁ። እግራቸው ላይ ቢጫ ጽጌ ብናኝ ተሸክመው ከገቡ ውስጥ የሚመገብ እጭ አለ ማለት ነው። የሞተ እጭ ጎትተው ካወጡ እጨነቃለሁ። ማታ ጆሮዬን ሣጥኑ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ፣ በስተኋላ ትንሽ ከፍ አድርጌ ክብደቱን እገምታለሁ። ባለቤቴ «ሐኪም ሆንክ» ትላለች።

የከፈትኩት ኅዳር ላይ ነው፤ አመሻሽ ላይ፣ በኩበት ጭስ፣ ሽቶ ሳልቀባ። አሥራ ሁለት እንጨት ማር ነበር። አምስቱን ብቻ ቆረጥኩ። ሌላውን ለምን ተውክ ያለኝ ብዙ ነው። ክረምት አለ፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አያስወጣቸውም፣ አበባም የለም። ማሩን ጠራርጎ ወስዶ በኋላ ስኳር ማጠጣት ለእኔ አይገባኝም። የቆረጥኩትን በእጄ ጨፍልቄ በነጠላ ቁራጭ አጠለልኩት፤ ሰሙን አቀለጥኩት።

ዘንድሮ መንጋ አወጡ። ተንጫጭተው ሄደው የጎረቤቴ ኮክ ዛፍ ላይ እንደ ዘለላ ተንጠለጠሉ። ባዶ ቀፎ ይዤ እየሮጥኩ ስደርስ አዛውንቱ ቅርጫት ይዘው ከሥር ቆመዋል።

«ጋሼ፣ የእኔ ናቸው እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፤» አሉ ዓይናቸውን ከዛፉ ሳያነሱ። «ዛፉ ግን የእኔ ነው።»