«ዩዝድ ቱ» ያስቆመው ማሽን

ማክሰኞ ጠዋት ነው። የስትሪላይዜሽን ክፍላችን ትልቁ አውቶክሌቭ፣ የሕክምና ዕቃዎችን በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን፣ በበሩ ጠርዝ በኩል እንፋሎት ማሾለክ ጀመረ። እኔ በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ ነኝ። የበር ጎማ መቀየር ለእኔ ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ ጎማውን ማግኘት ነው። የማሽኑ ዋስትና ገና ስላላለቀ የሚልክልን አቅራቢው ድርጅት ነው። አቅራቢው ደግሞ ያለው አውሮፓ ነው።

ኢሜይል ጻፍኩ፤ ፎቶም አያያዝኩ። በማግስቱ የድርጅቱ ኢንጂነር መለሰችልኝ። ጎማውን ከመላኳ በፊት ማወቅ የምትፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ማሽኑ በቀን ስንት ዙር ይሠራል? የምትጠቀሙት ውሃ ምን ዓይነት ነው? ሠራተኞቹ በሩን ሲከፍቱ ምን ጥንቃቄ ያደርጋሉ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሳነብ ደስ አለኝ። በዚህ በኩል የሚታማ ክፍል የለንም። ክፍሉን የሚመሩት ሲስተር ናቸዋ!

ሲስተር እዚያ ክፍል ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሠርተዋል። ዙሩ ሲያልቅ ማሽኑ ይጮኻል። ሌላ ሰው ቢሆን እጁ ቶሎ ወደ በሩ ይሄዳል። እሳቸው ግን መጀመሪያ የግፊት ጌጁ፣ የውስጡን ግፊት የሚያሳየው መለኪያ፣ ፊት ይቆማሉ። መስታወቱን በጥፍራቸው ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል፤ ቀስቱ ተጣብቆ እንዳያታልላቸው ነው። ዜሮ ላይ መተኛቱን ሲያዩ «ዜሮ!» ይላሉ፣ ጮክ ብለው። ከዚያ ጓንታቸውን ያጠልቃሉ። ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አድርገው በሩን በትንሹ ገርበብ ያደርጉታል። አዲስ የሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ ይህንን የሚማረው ከእሳቸው ነው።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ማሽኑ በ121 ዲግሪ ሲሠራ የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር በ1 ባር ያህል ይበልጣል። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሩ 40 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክብ ቢሆን፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከ12 ኩንታል ክብደት ይበልጣል። 12 ኩንታል ጤፍ በሩን ከውስጥ ሲገፋው አስቡት። ከኋላው ደግሞ ቆዳ የሚገፍ እንፋሎት አለ።

እናም በኩራት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዘ ኦፕሬተርስ ዩዝድ ቱ ቼክ ዘ ፕሬዠር ጌጅ ቢፎር ኦፕኒንግ ዘ ዶር።» በልቤ ያለው «ሠራተኞቻችን በሩን ከመክፈታቸው በፊት ጌጁን ማየት ለምደዋል» የሚል ነው። ደግሜ አነበብኩት። ምንም ስህተት አልታየኝም። ለሜዲካል ዳይሬክተሩም በግልባጭ (ሲሲ) አደረግኩላቸው። ሲስተርን ማመስገኔ ነበር።

መልሱ ሁለት ሰዓት አልፈጀም። «መቼ ነው ማየት ያቆሙት? ለምንስ አቆሙ? ይህ እስኪጣራ ድረስ ማሽኑን እባካችሁ አትጠቀሙበት» ይላል። ዳይሬክተሩ ከእኔ ቀድመው አንብበውታል። እኔ ከጥገና ክፍሌ ወጥቼ ስደርስ ማሽኑ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

የቀረችን ትንሿ አውቶክሌቭ ብቻ ነች። እሷ ለድንገተኛ ኦፕራሲዮንና ለማዋለጃ ዕቃዎች እንድትውል ተወሰነ። ቀጠሮ የነበራቸው ታካሚዎች ተራዘሙ። ለሄርኒያ ኦፕራሲዮን ከገጠር የመጡ አንድ አባት ጋቢያቸውን እንደለበሱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው፣ «አባቴ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ» ሲባሉ ሰማሁ። ለመሄጃ የተበደሩትን ብር ለአስታማሚያቸው ሲቆጥሩ አይቻለሁ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ሲስተር ቢሮ ተጠሩ። ሲወጡ ፊታቸው ተለውጧል። ወደ እኔ መጡና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ጌጁን ሳላይ በር ስከፍት አይተኸኝ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም፣ ሲስተር!»

«ታዲያ ማየት ትተዋል ብሎ የጻፈው ማነው?»

እኔ እንዲህ አልጻፍኩም ማለት ፈለግሁ። እውነትም አልጻፍኩም ብዬ አምናለሁ። ኢንጂነሯ ናት ያልገባት ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ሐሙስ ዕለት በቪዲዮ ተደዋወልን። ስልኬን ይዤ ማሽኑ ጋ ቆምኩ። ሲስተር የሚያደርጉትን ሁሉ በቀዝቃዛው ማሽን ላይ አሳዩዋት። ጌጁን ጠቅ ጠቅ አደረጉ፣ «ዜሮ» አሉ፣ ጓንት አጠለቁ። ኢንጂነሯ እስኪጨርሱ ዝም ብላ አየች። ከዚያ «ይህንን አሁንም ያደርጉታል ማለት ነው?» አለችኝ። ሁልጊዜ፣ በእያንዳንዱ ዙር አልኳት። «አንተ የጻፍከው ግን ድሮ ያደርጉት ነበር፣ አሁን ትተውታል የሚል ነው» አለችኝ። በትሕትና ነው የነገረችኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ማኑዋል የማነበው በእንግሊዝኛ ነው። እንዴት ይህ አመለጠኝ? ማታ ቤቴ ገብቼ በደንብ አሰብኩበት። የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ጉድጓድ ይመስለኛል።

በአማርኛ «ለምጃለሁ» እንላለን። ቃሉ ሲታይ ያለፈ ድርጊት ነው። ትርጉሙ ግን የዛሬ ነው። «ደክሞኛል»፣ «ርቦኛል»፣ «ተቀምጧል» እንደምንለው ማለት ነው፤ ድካሙ አሁን አለ፣ ሰውየው አሁንም ወንበሩ ላይ ነው። ስለዚህ ጆሯችን በኃላፊ ጊዜ መልክ የመጣ ቃል የዛሬን ነገር ቢናገር አይደነግጥም። «ዩዝድ ቱ» ሲመጣም ውስጣችን «ለምዷል» ብሎ ይቀበለዋል።

እንግሊዝኛው ግን ብቻውን ሲቆም የእኛ «ነበር» ነው። «አይ ዩዝድ ቱ ስሞክ» ያለ ሰው «አጨስ ነበር» ማለቱ ነው፤ አሁን ትቷል። መልመድን ለመናገር ከፊቱ «አም»፣ «ኢዝ» ወይም «አር» ያስፈልጋል። ከኋላው የሚመጣው ግስም «ኢንግ» ይጨምራል። «አይ አም ዩዝድ ቱ ወርኪንግ አት ናይት» ማለት «ማታ መሥራት ለምጃለሁ» ነው። «አም»ን አውጥታችሁ «ወርኪንግ»ን «ወርክ» ብታደርጉት «ማታ እሠራ ነበር» ይሆናል። የማታ ተረኛ የሚፈልግ አሠሪ ያንን አንብቦ ወደ ሌላው አመልካች ያልፋል። ገና በመልመድ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ «ጌቲንግ ዩዝድ ቱ» ነው፤ ለአዲስ ሠራተኛ የሚሆነው እሱ ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሳተኝ ሌላም ነገር አለ። የማሽኑ ማኑዋል በዚሁ ቃል የተሞላ ነው። «ዚስ ቫልቭ ኢዝ ዩዝድ ቱ ሪሊዝ ስቲም» ይላል፤ ይህ ቫልቭ እንፋሎት ለማስወጣት ያገለግላል ማለት ነው። ይህ ሦስተኛ ትርጉም ነው፤ ከነበርም ከመልመድም ጋር አይገናኝም። ሲነገር ይለያል። ለአገልግሎት ሲሆን «ዝ» እና «ድ» ይሰማሉ። ለነበርና ለመልመድ ሲሆን ግን «ዩስቱ» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ይዋጣል። ወረቀት ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። እኔ ደግሞ የማውቃቸው በወረቀት ነው።

የእኛ «ነበር» ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚቆም ማንም አይስተውም። ይፈትሹ ነበር፣ ያዩ ነበር ሲባል ሰሚው ነገሩ እንዳለፈ ይገባዋል። የእንግሊዝኛው ግን መሐል ላይ በትንሽ ቃል ተሸጉጧል። አንድን ሰው 20 ዓመት ያላጓደለውን ሥራ እንደተወ አድርጎ ይናገርበታል።

ሐሙስ ዕለቱን፣ ከቪዲዮው ጥሪ በኋላ፣ አዲስ ኢሜይል ጽፌ ነበር። «ዘ ኦፕሬተርስ ኦልዌይስ ቼክ ዘ ጌጅ» አልኩ። «ሁልጊዜ» የሚል ቃል ካለ ማንም አይሳሳትም። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመረ። ጎማውም ቆይቶ መጣልን። ዓርብ ጠዋት ስብሰባ ላይ ሁሉም በተሰበሰበበት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ተናገርኩ፤ ሲስተርንም በስማቸው ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ስማቸው የተነሳው ቢሮ ውስጥ ቢሆንም ወሬው ሆስፒታሉን አዳርሶ ነበር። ይቅርታውም በዚያው ልክ መሆን ነበረበት። ሲስተር «እግዜር ይስጥህ» ብለው ተቀመጡ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ባለበት ሁሉ ዓይኔ ይቆማል። ባለፈው የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ሆኜ የአንድ ወጣት ማመልከቻ ሳነብ «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ አንደር ፕሬዠር» ይላል። ጫና ባለበት መሥራት ለምጃለሁ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ውጭ አገር ላለ ቀጣሪ ቢልከው ግን ሌላ ነገር ነው የሚናገርበት። ፈተናው ካለቀ በኋላ ጠርቼ ነገርኩት። ማመልከቻውን በስንት ቦታ እንዳስገባ አስቦ ነው መሰለኝ፣ ለአፍታ ጭንቅላቱን ይዞ ቆመ።

ሲስተር ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁኝ። በሩን ከመክፈት በፊት የሚደረገውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ ግድግዳው ላይ እንድለጥፍላቸው። ጻፍኩ። ከጌጁ በላይ ስለጥፈው አጠገቤ ቆመው አማርኛውን አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን እንግሊዝኛው ላይ አሳርፈው በቃል በቃሉ ወረዱ።

«ይሄኛው ዛሬም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ሲስተር። ዛሬም።»

ማሽኑ ጮኸ። ዞር አሉና ጌጁን በጥፍራቸው ጠቅ ጠቅ አደረጉት።