ጉትቻው ጠርቶ ዓይኑ ሲደበዝዝ

ሐረር ጁገል ውስጥ ያነሳሁትን የሰርግ ፎቶ ባስረከብኩ በሦስተኛው ቀን የሙሽሪት እህት ደወለች። «ወንድሜ፣ ጉትቻዋን ነው እንዴ ያነሳኸው?» ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ ሳየው እውነቷን ነው። የጉትቻዋ ፈርጥ ቁልጭ ብሏል፤ ሽፋሽፍቷ ግን ጭጋግ ነው።

ሦስት ሌንስ አለኝ፤ የምጠራቸው በሚሊ ሜትር ቁጥራቸው ነው። 18-55 ሁሌም ጥርት ያደርጋል። 50ው አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይስታል። 85ቱ ሁሌም ይስታል። እሱን ልሸጠው ሰው ሁሉ አግኝቼ ነበር።

ለማንኛውም ልፈትነው ብዬ ልብስ ሰፊዎች ወዳሉበት ወደ መኪና ግርግር ሰፈር ወረድኩና ከአንድ ልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስኩ። «ካሜራውን ልትለካው ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ሜትሩን ጣውላ ላይ ለጥፌ 45 ዲግሪ ያህል አጋደልኩት። አጠገቡ የክብሪት ቀፎ አቆምኩ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ ርቀቱ 2 ሜትር፣ አፐርቸሩ፣ ማለትም የሌንሱ መክፈቻ፣ 1.8 (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር መክፈቻው ይሰፋል፣ ጥርት የሚለው ቦታ ይጠባል)። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ፎከሱን በእጄ አበላሸዋለሁ፤ አለዚያ ሞተሩ ካለበት ንቅንቅ አይልም። አሥር በቪውፋይንደር፣ ማለትም ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አድርጌ፣ አሥር ደግሞ በላይቭ ቪው፣ ማለትም የጀርባውን ስክሪን እያየሁ፣ አነሳሁ።

85ቱ በላይቭ ቪው ደፈነ። በቪውፋይንደር ግን አሥሩም ከክብሪቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወደቁ። ሌንሱ ጤነኛ ነበር ለካ! መስታወት ባለው ካሜራ በቪውፋይንደር ስናይ ፎከስ የሚለካው ታች ባለ ሌላ ሴንሰር ነው። ላይቭ ቪው የሚለካው ፎቶውን በሚያነሳው በራሱ ሴንሰር ነው። ያልተግባቡት ያ የታችኛው ሴንሰርና 85ቱ ናቸው። የኔ ካሜራ ሜኑ ውስጥ ለየሌንሱ ማስተካከያ አለው፣ ከ−20 እስከ +20። ፎከሱን ወደ ፊት ስስበው −8 ላይ ልክ መጣ። 18-55 የቱንም ያህል ቢከፈት 3.5 ስለሆነ ትንሽ ስህተት ቢኖርበትም ይሸፍናል።

50ው ነው ያሳፈረኝ። ትራይፖድ ላይ አሥሩንም ያዘ። በእጄ ስይዘው ነው የሚያብደው። በመሃሉ የፎከስ ነጥብ ዓይን ላይ ፎከስ አደርግና ካሜራውን አዙሬ ፍሬም አስተካክላለሁ፤ እስከዚያ እኔም እወዛወዛለሁ፣ ሙሽሪትም ትስቃለች። አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ለሚሄድ ስህተት ደግሞ የሜኑ ቁጥር ምንም አይሠራለትም። አሁን ነጥቡን ራሱን ዓይኗ ላይ እወስደዋለሁ። የሐረር ቤት ውስጥ ጨለም ሲል የካሜራዬ የዳር ነጥቦች ስለሚደናበሩ ሙሽሪትን ነደባው (ከፍ ያለው የቤቱ መቀመጫ) ላይ ፊቷን ወደ በሩ አዙሬ አስቀምጣታለሁ።

ሜትሩን ስመልስ ልብስ ሰፊው «ታዲያ ልኩን አገኘኸው?» አሉኝ።

«8 ስቀንስለት ልክ ሆነ።»

«ሰፍቶት ነዋ!»