የቨርዥን ቁጥርን ከመርጅ ግጭት ያወጣሁበት መንገድ

ቡድናችን የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ውስጥ ሁለት ቋሚ ብራንቾች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የኮዱ መስመሮች) ነበሩት፦ ሥራ የሚካሄድበት ዴቨሎፕ እና ለተጠቃሚ የወጣውን የሚይዘው ሜይን። ሜይን ላይ አስቸኳይ እርማት ሲወጣ ቁጥሩ ከ2.4.0 ወደ 2.4.1 ያድጋል፤ ዴቨሎፕ ግን ቀድሞ 2.5.0-ስናፕሾት (ገና ያልወጣ፣ በሥራ ላይ ያለ ቨርዥን) ሆኗል። እርማቱን ወደ ዴቨሎፕ መርጅ ስናደርግ (ስናዋህድ) ሁለቱም ወገን ያንኑ መስመር ስለለወጡት ጊት የትኛውን እንደሚይዝ ሳያውቅ ይቆማል። ፕሮጀክቱ ብዙ ሞጁል ያለው የሜቨን (የጃቫ ኮድ መገንቢያ መሣሪያ) ፕሮጀክት በመሆኑ ግጭቱ ቁጥሩና ላይብረሪዎቹ በሚጻፉበት በየፖም ፋይሉ ይደገማል። መልሱም ሁልጊዜ ያው ነው፤ የዴቨሎፕ ቁጥር ይቀመጥ። እኔን ያሳሰበኝ ድካሙ ብቻ አልነበረም። ሰው አንዱን መልስ ሲደጋግም ዓይኑ ይሰለቻል፤ በመሀል የመጣ እውነተኛ ግጭት፣ ለምሳሌ የተቀየረ ላይብረሪ (ፕሮጀክቱ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ)፣ አብሮ ሊዋጥ ይችላል።

መጀመሪያ የሞከርኩት የጊትን መርጅ ድራይቨር፣ ማለትም አንድ ፋይል እንዴት እንደሚዋሃድ የሚወስን ትእዛዝ፣ ነው። በጊት-አትሪቢዩትስ ፋይል ውስጥ ለፖም ፋይሎች «አወርስ» (ours፣ «የእኛ») የሚባል ድራይቨር ከተመደበ፣ ግጭት ሲመጣ የራስ ብራንች ፋይል እንዳለ ይቀራል። ችግሩ ፋይሉ በሙሉ መቅረቱ ነው፤ ከሌላው ብራንች የመጣ የላይብረሪ ለውጥም አብሮ ይጠፋል። ቁጥሩን ለብቻው ወደ ትንሽ ፋይል ባወጣውም ነገሩ አልተፈታም። ድራይቨሩ የሚጠራው ሁለቱም ወገን ፋይሉን ሲለውጡ ብቻ ነው፤ ሜይን ብቻ ከለወጠው ጊት ማንንም ሳይጠይቅ የሜይንን ይወስዳል። በዚያ ላይ የድራይቨሩ ትርጉም የሚኖረው በየሰዉ ኮምፒውተር ኮንፊግ ውስጥ ስለሆነ ፕሮጀክቱ ክሎን ሲደረግ (ሲቀዳ) አብሮ አይመጣም።

ስለዚህ ቁጥሩ ለምን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል ብዬ ጠየቅኩ። የቨርዥን ቁጥር ለአንድ የተወሰነ ኮሚት (በጊት ለተመዘገበ የኮዱ ሁኔታ) የሚሰጥ ስም ነው፤ ለዚህ ደግሞ ታግ አለ። ሜቨን ከ3.5.0 ጀምሮ ቨርዥኑ «ሪቪዥን» በሚባል ተለዋዋጭ እንዲተካና ዋጋው ቢልድ ሲደረግ (ኮዱ ሲገነባ) እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ዋጋውን «ጊት ዲስክራይብ» ከሚባለው ትእዛዝ አመጣሁት፤ እሱ የቅርቡን ታግ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ኮሚቶች ብዛትና የኮሚቱን አጭር ሀሽ (መለያ ኮድ) ይሰጣል። መርጅ የሚነካው መስመር ስለሌለ የቁጥሩ ግጭት ቀረ።

ለመተግበር ግን ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። የቢልድ ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ ስለሚያወርዱ ታጎቹን አያገኙም፤ ሙሉ ታሪኩ እንዲወርድ ማዘዝ ያስፈልጋል። ዲስክራይብ በራሱ የሚያየው መልእክት ያላቸውን ታጎች ነው፤ ቀላል ታጎችን እንዲያይ ለብቻ ይነገረዋል። ሌሎች የሚጠቀሙበት ላይብረሪ ከሆነ፣ ከማሳተም በፊት ፍላትን በሚባለው የሜቨን ፕለጊን ተለዋዋጩን በእውነተኛው ቁጥር መተካት ግድ ነው። ከሁሉ በላይ ሜይንን ወደ ዴቨሎፕ መርጅ ማድረግ አይቀርም፤ የ2.4.1 ታግ በዴቨሎፕ ታሪክ ውስጥ ካልገባ ዲስክራይብ አሁንም ከ2.4.0 ይቆጥራል።

የለውጥ መዝገቡ ፋይልም ሁሉም አናቱ ላይ ስለሚጽፍበት እንዲሁ ይጋጭ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ለውጥ በራሱ ትንሽ ፋይል ይጻፍና ሪሊዝ ሲወጣ ስክሪፕት ይሰበስባቸዋል።