ወንዙን ማጥበብ መከላከል አይደለም

ሸዋ ሮቢት ላይ ጎርፍን ለመከላከል የሮቢ ወንዝን በግራና በቀኝ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ማጥበብ አሁንም እንደ ዋና መፍትሔ ይታያል። ዛሬ የሮቢን ዳርቻ ስንለካ ዋልን። በክረምት ከተራራው ድንጋይ እያንከባለለ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ባጠበብነው ቁጥር ይፈጥናል፣ ወለሉን ይቦረቡራል፣ በመጨረሻም የጋቢዮኑን እግር ይነቅለዋል። ጣጣውም ወደ ታችኛው ጎረቤት ይሻገራል።

ንድፉ ለዓሣውም መተላለፊያ እንዲያስብ እንደምፈልግ ስነግራቸው፣ የማሾ ማሳቸው በጎርፍ የተገመሰባቸው አባት «ልጄ፣ ግንቡን ከፍ አድርጉልን እንጂ የምን ዓሣ ነው?» አሉኝ። ማሳው የእሳቸው ነውና አልተከራከርኩም። ግንቡ ከዳር ራቅ ቢል ለጎርፉም ለዓሣውም ይበጃል፤ ግን መሬት ይበላል፣ የመሬት ስብሰባ ደግሞ ማለቂያ የለውም።

ኔዘርላንድስ ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ ግንብ ማሳደጉ ብቻውን እንደማያዋጣ ታይቶ ለወንዞቹ ቦታ መልቀቅ ተጀመረ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ወለሉን ለመያዝ አግድም የሚሠራው እርከን ነው። የሚወድቀው ውኃ ሥሩን ሲቦረቡር የእርከኑ ቁመት ያድጋል፤ ለመራባት ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ እዚያው ይቀራል። ከእርከኑ በታች ትላልቅ ድንጋዮች ደልድሎ ቁልቁለቱን ማለዘብ፣ የበጋዋ ውኃም በሰፊው ወለል ተበትና እንዳትጠፋ መሐል ላይ ጠባብ ቦይ መተው ይቻላል። ሲሚንቶ አይፈጅም፤ ድንጋዩንም ወንዙ ራሱ አምጥቶታል። ሁለቱንም ንድፉ ላይ ጨምሬአለሁ፤ በጀት የሚያጸድቀው ክፍል ምን እንደሚል እንሰማለን።